ለሥራው እውነተኛ ስም፣ ለሰው የክብር ስም

(በኮልፌ ቀራንዮ ለአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ኮሚቴ አባላትና ለእድር ዳኞች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በሕዝብ ፊት ስንናገር ጠንካራውን ነገር ማለዘብ ይገባናል ወይስ አይገባንም?» የሚል ነው። ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከመካከላችሁ የጎረቤታሞችን ጠብ የሚዳኝ አለ፤ ስለ ችግረኞች ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚጽፍ አለ፤ የሰው ሞት ለቤተሰቡ እንዲያረዳ የሚላክ አለ። እያንዳንዳችሁ በየሳምንቱ «ይህን ነገር ምን ብዬ ልጥራው?» ብላችሁ የምታስቡበት ሰዓት አለ።

በአገራችን ግልጽ ንግግርን ለማመስገን ከሚጠቀሱት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አንዱ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ነው። በስብሰባ ላይ ይህን የሚጠቅስ ሰው «አንሸፋፍን፣ እውነቱን እንነጋገር» ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜም ይጨበጨብለታል። ነገር ግን እኛ እዚህ ኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች ይህን አነጋገር ሰምተን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም፤ የዘነበ ወርቅ ሰፈር ጎረቤታችን ነውና።

እንደሚታወቀው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራው ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲሠራ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። ሕሙማኑ ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመጡ ታከሙ፤ ብዙዎቹም ወደ አገራቸው ለመመለስ ፊት ስላጡ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። በኋላ ከተማው ሰፍቶ ወደ እነርሱ መጣ። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ቦታ አለርት ተቋቋመ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በዚያው ግቢ የምርምር ተቋም መሠረቱ፤ ስሙንም እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ጀርም ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ሰየሙት።

የበሽታውን ጠባይ ጥቂት ላስረዳ፤ ለነገራችን ያስፈልጋልና። ጣት የሚቆርጠው ጀርሙ አይደለም። ጀርሙ ነርቭን ይጎዳል፤ ነርቭ ሲሞት እጅ እሳትን አያውቅም፣ እግር እሾህን አያውቅም። ሰውየው ሳይሰማው ይቃጠላል፣ ሳያውቀው ይቆስላል፤ ቁስሉ እየመረቀዘ ጣት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሰጥ የመከረው የመድኃኒቶች ቅንብር በሽታውን እንደየዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ፈጽሞ ይፈውሳል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ መውሰድ የጀመረ ሰውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል።

እንግዲህ መድኃኒቱ እያለ ጣት የሚያሳጣው ምንድን ነው? መዘግየት ነው። የሚያዘገየውስ? ፍርሃት ነው። የሚያስፈራውስ? ከበሽታው ይልቅ ስሙ ነው። በቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ቦታ ያየ ገበሬ ልብሱን ሸፍኖ ዝም የሚለው «ቆማጣ» መባልን ስለሚፈራ፣ ሚስቱ እንዳትሄድ፣ ልጁ ሳትዳር እንዳትቀር ስለሚሰጋ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል፤ ነገር ግን እንዲደብቅ ያደረግነው እኛው ነን። ስለዚህ «የሥጋ ደዌ» የሚለው የለዘበ ስም ሽፋን አይደለም። በሽታ መሆኑን አልካደም፤ ሐኪም እንደሚያስፈልገው አልደበቀም። የነቀለው ነገር ቢኖር ስድቡን ብቻ ነው። ስድቡ ሲነቀል በሽተኛው በሩን ከፍቶ ወጣ።

በዚህ ረገድ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ለምጽ» የሚለው ቃል በብዙ ቦታ ይገኛል፤ በተራው አነጋገር ግን ለምጽ የምንለው የቆዳ መንጣት ሲሆን፣ እርሱም የማይተላለፍ ሌላ ነገር ነው። ሰባኪ በመድረክ ላይ ለምጽን የኃጢአት ምሳሌ እያደረገ ሲናገር፣ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠች አንዲት ቆዳዋ የነጣ እህት፣ ወይም ከሥጋ ደዌ የተፈወሰ አንድ አባት ምን እንደሚሰማው ማሰብ ይገባል።

በአንድ የሠፈር እድር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ አባል ለመሆን አመለከተ። አባትየው ከብዙ ዓመት በፊት ታክሞ የዳነ፣ ግን ጣቶቹ የጎደሉ ሰው ነው። በስብሰባው ላይ ሁለት ወገን ሆነ። አንዱ ወገን «ሰው እንዳይሸሸን» አለ፤ ሌላው «እናንተ አረመኔዎች ናችሁ» አለ። «አረመኔ» የተባሉት የበለጠ ደነደኑ፤ ስብሰባውም ሳይቋጭ ተበተነ። በሚቀጥለው ወር ዳኛው ነገሩን በሌላ መንገድ ያዙት። ማንንም አልወቀሱም። አንዲት ጤና ባለሙያ ጋብዘው ስለ በሽታው እንድታስረዳ አደረጉ። ከዚያም ለተቃዋሚዎቹ «ፍርሃታችሁ ለልጆቻችሁ ማሰብ ነው፤ እንረዳለን። አሁን የሰማችሁትን ይዛችሁ እስቲ እንደገና ንገሩን» አሏቸው። ከተቃወሙት መካከል አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው «እንግዲያስ ከዳነ ሰው ምን እንፈራለን?» አሉ። ቤተሰቡ ገባ። ልብ በሉ፤ ዳኛው እውነቱን አላለዘቡም። የማይተላለፈውን የማይተላለፍ፣ የተፈወሰውን የተፈወሰ አሉት። ያለዘቡት ለሰዎቹ የሚናገሩበትን አንደበት ነው። የደነደነ አቋም የሚላላው ያዡ ሳያፍር የሚመለስበት መንገድ ሲያገኝ ነው።

እስካሁን ማለዘብን አመሰገንሁ። አሁን ግን ሌላ ዓይነት ማለዘብ አለ፤ አገራችንን ብዙ ሕይወት ያስከፈላት እርሱ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ሕዝቡ ወደ መኪና መንገድ ወጥቶ በየዳሩ ይወድቅ ነበር። በመንግሥት ዘንድ ግን ነገሩ ዝናብ ያጠረበት አካባቢያዊ ችግር ተደርጎ ታለፈ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ አምጥተው ቢያሳዩም በቂ ጆሮ አላገኙም። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። ቃሉን አስተውሉ፤ «ድርቅ» ሲባል ተጠያቂው ሰማይ ነው፤ «ረሃብ» ሲባል ግን «ማን ማብላት ነበረበት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በዚያን ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ የወሎ ገበሬ የሞተው መግዣ ስላጣ ነው። እንዲያውም ከተራበው አገር ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል ነበር። «ድርቅ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ሸፈነ።

ከዚያ ትምህርት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተወለደ፤ አብያተ ክርስቲያናትና የእርዳታ ድርጅቶችም እ.ኤ.አ. በ1973 ተሰባስበው በኋላ ሲ.አር.ዲ.ኤ. ተብሎ የታወቀውን ማኅበር መሠረቱ። ዳሩ ግን ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነገሩ ተደገመ። በ1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለአደጋ መጋለጡን ለለጋሾች አስታወቀ። ነገር ግን መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ነበርና፣ አዲስ አበባ በቅስት ስታጌጥ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተደረገ። ዓለም የኮረምን ሕዝብ ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የማይክል ቡርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ በቢቢሲ ሲቀርብ ነው። ረሃብ ግን የበዓል ቀን አይጠብቅም።

ከረሃብ ወደ ደም እንለፍ፤ በዚያም ያው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ለሕዝብ የተነገረው ግን «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተብሎ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም የአባቱን ሞት ከራዲዮ ሰማ። ከዚያ በኋላ «እርምጃ» የሚለው ቃል በአገራችን ሌላ ትርጉም አገኘ። እርምጃ ማለት እግር አንሥቶ መሄድ ነበር፤ በቀይ ሽብር ዘመን «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ሆነ። እናት በልጇ አስከሬን ላይ እንዳታለቅስ ተከለከለች። በቅርቡም ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት «ሕግ ማስከበር» ተብሎ ተጠራ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር እጅግ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በመካከሉም፣ የምግብ ችግርን በአምስት ደረጃ የሚመድበው ዓለም አቀፍ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ350000 በላይ ሰዎች በመጨረሻው ደረጃ ላይ እንዳሉ ሲያስታውቅ፣ መንግሥት ውጤቱን አልተቀበለም፤ ረሃብ ነው ተብሎም አልታወጀም።

ወገኖቼ፣ በእነዚህ ዘመናት ሁሉ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሥራው የለዘበ ስም ሲሰጠው ሰዎቹ የከረረ ስም ይሰጣቸዋል። ግድያው «እርምጃ» ሲባል የሚገደለው «አድኃሪ» እና «ፀረ ሕዝብ» ይባል ነበር። ጦርነቱ «ሕግ ማስከበር» ሲባል ሰው በበሽታና በአረም ስም ተጠራ፤ ይህንንም በየወገኑ ያደረገው ብዙ ነው። ሁለቱ አብረው የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውን ሰው ብለው እየጠሩ ግድያን ቀላል ስም መስጠት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሰውየው አስቀድሞ ከሰውነት መውረድ አለበት። ከላይ ያነሣነው የቆማጣ ተረትም ያው መንገድ ነው። ሰውየውን በከረረ ስም ይጠራዋል፤ ከማዕድ መግፋቱን ግን «እውነት መናገር» ይለዋል።

ይህን በገዛ ሠፈራችን አይተነዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። ያ የቆሻሻ ክምር ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲከመር የኖረ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲወሰድ ተደርጎ፣ የዚያ አካባቢ ገበሬዎች መሬታችን ተበከለ ብለው ሲቃወሙ መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ይህ ሁሉ የሰው ሥራ ነው። ሆኖም በጊዜው «የተፈጥሮ አደጋ» ያለ ሰው ነበር፤ ስለ ሟቾቹም «ሕገ ወጥ ሠፋሪዎች ናቸው» ብሎ የተናገረ ነበር። ለሥራው ልዝብ ስም፣ ለሰዎቹ ከባድ ስም! እነዚያ ሰዎች ግን ከእኛ ጓሮ የወጣውን ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ልጅ ያሳደጉ ጎረቤቶቻችን ነበሩ።

ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ «የልማት ተነሺ» የሚል ቃል ታነባላችሁ። ቃሉን የሚያነብ ሰው ቤተሰቡ በገዛ ፈቃዱ ከተቀመጠበት የተነሣ ይመስለዋል። ከተማ መታደስ የለበትም እያልሁ አይደለም። የምለው፣ ቤቱ የፈረሰበትን ቤቱ ፈርሶበታል ብለን ስንጽፍ «ምትክ አግኝቷል? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ርቀዋል? እድሩስ ተበትኗል?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ ነው። «ተነሺ» ብለን ስንጽፍ ግን ጥያቄዎቹ አብረው ይቀበራሉ።

ለመልካም የተባለ ቃልም ቢሆን ይህን ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢትዮጵያ የሥጋ ደዌን «አስወገደች» ተባለ። ትርጉሙ በመለኪያው መሠረት ከ10000 ሰው የሕሙማኑ ቁጥር ከአንድ በታች ወረደ ማለት ነው፤ ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን «ተወገደ» የሚለውን የሰማ ሰው በሽታው ጠፋ ብሎ ያስባል። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ አዲስ ሕሙማን ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የመጡት አካላቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። ጠፋ የተባለን በሽታ የጤና ባለሙያውም አይፈልገው፣ ለጋሹም አይረዳው።

እንግዲህ የትኛው ማለዘብ የጽድቅ ነው? የትኛውስ የሐሰት? መለያው ይህ ነው እላለሁ፤ ቃሉ ያቀለለው የማንን ሸክም ነው? የተጎዳውን ሰው ሸክም ካቀለለ መልካም ነው። መርዳት፣ መጠየቅ ወይም መመለስ የሚገባውን ሰው ሸክም ካቀለለ ግን ሐሰት ነው፣ ቃሉ የቱንም ያህል ጨዋ ቢመስል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ የመርዶ ሥርዓታችን አለ። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ በስልክ «ሞተ» ብለን አንዘጋም። «ታሟል» እያልን እናቆያለን፤ ማልዶ ዘመድና የእድር ሰው ይሰበሰባል፤ ልበ ደካማው በመካከል ይያዛል፤ ከዚያ ይነገራል። ውጭ አገር ላለ ልጅም በመጀመሪያ ወዳጆቹ ተፈልገው ወደ ቤቱ እንዲሄዱ ይደረጋል። በመርዶ መንገዱ ሁሉ ልዝብ ነው፤ መጨረሻው ግን እውነት ነው። ደግሞም ያረዳው ሰው አይሄድም። ድንኳኑን ይተክላል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። በ1967 ዓ.ም. በራዲዮ የተነገረው ሞት ግን ቃሉ ልዝብ ሆኖ መንገዱ ጨካኝ ነበር፤ የተናገረውም ሰው ለማልቀስ አልመጣም።

ነቢዩ ናታንም ወደ ንጉሥ ዳዊት ሲላክ በበግ ታሪክ ጀመረ። ንጉሡ ልቡ እስኪነካና ራሱ እስኪፈርድ ድረስ ጠበቀው፤ በመጨረሻ ግን በታሪኩ አላበቃም፤ ጣቱን ወደ ንጉሡ አመለከተ። በበጓ ታሪክ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ተራኪ ይባል ነበር እንጂ ነቢይ አይባልም።

ከዚህ ስትወጡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ለወረዳም ሆነ ለለጋሽ በምትጽፉት ሪፖርት ውስጥ የተራበውን ተርቧል፣ የፈረሰበትን ፈርሶበታል፣ የሞተውን ሞቷል በሉ፤ ቀጥሎም ስንት ቤተሰብ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንደሚያስፈልገው ጻፉ። ሁለተኛ፣ ሰዎችን በጉድለታቸው አትጥሩ። «ቆማጣው»፣ «ለማኟ»፣ «ተረጂዎቹ» ከማለት ስማቸውን ጠይቁ፤ ስማቸውን ካላወቃችሁ እንኳ «አባት»፣ «እናት»፣ «ወንድም» የሚሉ ቃላት ለሁሉ ይበቃሉ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ ጋር የማይስማማ ሰው በስብሰባ ላይ ሲገጥማችሁ አሳቡን ተከራከሩት፣ ሰውየውን ግን የሚመለስበትን በር አትዝጉበት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ከእኛ የሚደርሳችሁ ወሬ ሁልጊዜ የሚያስደስት አይሆንም። የረሃቡን ወሬ አለዝበን ብንጽፍላችሁ ለጊዜው እንቅልፋችሁ ይጣፍጥ ይሆናል፤ ነገር ግን የተራበው ሰው በእናንተ እንቅልፍ አይጠግብም። ስለዚህ ከባዱን ዜና ስትሰሙ እንደ መርዶ ሰሚ ሁኑ፤ ተሰብሰቡ፣ እዘኑ፣ ከዚያም ተነሡና ድንኳኑን ትከሉ።

እግዚአብሔር አንደበታችንን እውነተኛ፣ እጃችንንም ለጋስ ያድርግልን።